የሃይድሮጂን መኪና በኮሶዬ ዳገት
የነዳጅ ሕዋስ ተሽከርካሪዎች ተስፋና እንቅፋት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ አምባ ጊዮርጊስና ወደ ዳባት የሚያቀና ተሽከርካሪ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ኮሶዬ ይደርሳል። በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ መንገዱ በግምት 700 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ኮሶዬ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፥ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ሥፍራ ናት፤ ከበታቿ ቆላው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። እንግዳ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ ወርዶ አገሩን ይመለከታል። ከባድ ጭነት የያዘ ነጂ ግን ከመልክዓ ምድሩ አስቀድሞ የሞተሩን ሙቀት መለኪያ መመልከት ይኖርበታል።

የዛሬው ንግግር ኮሶዬን የመረጠበት ምክንያት ይኸው ነው። ስለ ሃይድሮጂን መኪና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሜዳማ መንገድ፥ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና የተደራጀ ጋራዥ ካላቸው አገሮች የመጣ ነው። አንድ መሣሪያ ለኢትዮጵያ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ግን መሣሪያውን በሐሳብ ወደ ኢትዮጵያ ዳገት አምጥቶ መመዘን ያስፈልጋል።

ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። አገሪቱ ከነዳጅ ዘይት ወደ ኤሌክትሪክ ፊቷን ባዞረችበት በዚህ ወቅት፥ «ከባትሪ ይልቅ ሃይድሮጂን አይሻልምን?» የሚል ጥያቄ ከባለሙያውም ከባለ ሀብቱም መነሣቱ አይቀርም። መልሱን በቁጥር አስደግፎ ማዘጋጀት የመሐንዲሱ ፈንታ ነው።

የነዳጅ ሕዋስ ምንድን ነው?

በውጭ አገር ቋንቋ ፊውል ሴል የሚባለው፥ በአማርኛም የነዳጅ ሕዋስ ሊባል የሚችለው መሣሪያ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዌልስ ተወላጅ የሆነው ዊልያም ግሮቭ ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን ሲዋሐዱ ኤሌክትሪክ እንደሚገኝ በሙከራ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር። መሣሪያው ከመቶ ዓመት በላይ በቤተ ሙከራ ተወስኖ ከቆየ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጄሚናይና አፖሎ በተባሉት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች ላይ አገልግሎት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄኔራል ሞተርስ ኤሌክትሮቫን የተባለውን መኪና በነዳጅ ሕዋስ አንቀሳቀሰ፤ ይሁን እንጂ የጋዝ በርሜሎቹና ቧንቧዎቹ የመኪናውን ሆድ ስለ ሞሉት ለሰው የተረፈው ቦታ ጥቂት ነበር። ለገበያ የቀረቡት መኪኖች ብቅ ያሉት ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ቶዮታ ሚራይ በሰፊው ይታወቃል።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በሕዋሱ አንድ ወገን ሃይድሮጂን፥ በሌላው ወገን አየር ይገባል፤ በመካከላቸው ስስ ገለፈት ተዘርግቷል። የሃይድሮጂኑ አቶም በፕላቲኒየም አማካይነት ወደ ፕሮቶንና ወደ ኤሌክትሮን ይከፈላል። ፕሮቶኑ ገለፈቱን አቋርጦ ያልፋል፤ ኤሌክትሮኑ ግን ገለፈቱ ስለማያሳልፈው በውጭ ባለው ሽቦ ዞሮ ለመሄድ ይገደዳል፤ በመንገዱም ላይ ሞተሩን ያሽከረክራል። በመጨረሻ ሁለቱም ከአየሩ ኦክሲጂን ጋር ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። አንዱ ሕዋስ ብቻውን የሚሰጠው ከ1 ቮልት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ እንደ እንጀራ ተደራርበው ይሠራሉ። በሁለተኛው ትውልድ ሚራይ ውስጥ 330 ሕዋሶች ተደራርበው 128 ኪሎ ዋት ያመነጫሉ።

እንግዲህ የሃይድሮጂን መኪና በመሠረቱ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ልዩነቱ ኤሌክትሪኩን ከባትሪ በመቀበል ፈንታ እየተጓዘ ራሱ ማመንጨቱ ነው።

ተስፋው

የሃይድሮጂን መኪና ደጋፊዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ቀላል አይደሉም። ከጭስ መውጫው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። በርሜሎቹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞላሉ፤ የባትሪ መኪና ግን በፈጣን መሙያ እንኳ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይቆማል። ሚራይ በ5.6 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን በሜዳማ መንገድ 640 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ተመዝኗል። ከዚህም ሌላ ከባድ ጭነት ለሚሸከም ተሽከርካሪ ክብደት ትልቅ ጉዳይ ነው፤ 400 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝን የጭነቱን ድርሻ ይሻማል።

ለኢትዮጵያ ደግሞ ተጨማሪ ተስፋ ይታያል። ሃይድሮጂን ውሃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ ይገኛል፤ ኤሌክትሪኩም በአብዛኛው ከወንዞቿ የሚመነጭ ነው። በክረምት ወራት ግድቦች ሞልተው ሲፈስሱ የሚባክነውን ኃይል ወደ ሃይድሮጂን ለውጦ ለበጋ ማቆየት በሐሳብ ደረጃ ይቻላል። ናፍጣና ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ከወደብ በቦቴ ለሚያመላልስ አገር ይህ ሐሳብ ልብን የሚስብ ነው።

የኃይሉ ሂሳብ

ይሁን እንጂ ሂሳቡ ሲሠራ ተስፋው ይቀዘቅዛል። 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን በውስጡ 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል፤ እርሱን ከውሃ ለማውጣት ግን ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠፋል። ጋዙን አምቆና አቀዝቅዞ ወደ መኪናው ለማስገባት ሌላ ጥቂት ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨመራል። በነዳጅ ሕዋሱ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ ሲመለስም ግማሹ ገደማ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

በ100 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ቢታሰብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ይህ ኃይል በሃይድሮጂን በኩል ቢያልፍ አንድን የቤት መኪና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። በቀጥታ ወደ ባትሪ ቢገባ ግን፥ በመሙላት ላይ የሚጠፋው ተቀንሶ እንኳ፥ ተመሳሳይ መኪና 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የሃይድሮጂን መንገድ ለአንድ ዓይነት ጉዞ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚሆን ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ከሕዝቧ ግማሽ የሚጠጋው ገና የኤሌክትሪክ መብራት ባላገኘባት አገር፥ አንድ መኪና በሚበቃው ኃይል ሁለትና ሦስት መኪና ማንቀሳቀስ ሲቻል አንዱን ብቻ ማንቀሳቀስ በቀላሉ የሚታለፍ ብክነት አይደለም።

ሃይድሮጂኑ ከኤሌክትሪክ ካልተገኘ ደግሞ ንጽሕናው ይቀራል። በዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጂን አብዛኛው ዛሬም የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው፤ ከተፈጥሮ ጋዝ 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ሲመረት ወደ አየር የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 9 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል።

ማከማቸትና ማጓጓዝ

ሃይድሮጂን ከጋዞች ሁሉ ቀላሉ ነው። 1 ኪሎ ግራሙ በተለመደው የአየር ግፊት ከ11 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዛል። በመኪና ውስጥ እንዲገባ እስከ 700 ባር፥ ማለትም ከተለመደው የአየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ መታመቅ አለበት፤ እንዲፈስስ ለማድረግም ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ መቀዝቀዝ ይገባዋል። ለዚህ የሚሆኑት የካርቦን ጭረት በርሜሎች ዋጋቸው ከፍተኛ ነው።

ጎንደርን እንውሰድ። 40,000 ሊትር ናፍጣ የያዘ አንድ ቦቴ የሚያደርሰውን አገልግሎት፥ በ200 ባር የታመቀ ሃይድሮጂን በያዙ ተጎታቾች ለማድረስ ቢታሰብ፥ አንዱ ተጎታች ከ300 እስከ 400 ኪሎ ግራም ብቻ ስለሚይዝ 20 ያህል ተጎታቾች ያስፈልጋሉ። የነዳጅ ሕዋሱ ከናፍጣ ሞተር የተሻለ ቆጣቢ መሆኑ በዚህ ሂሳብ ውስጥ ገብቷል። 20 ከባድ መኪኖች አንድ ቦቴ የሚሠራውን ለመሥራት በዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ሲመላለሱ ማሰብ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው።

«ሃይድሮጂኑ በዚያው በማደያው ይመረት» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን በኮሶዬ ወይም በዳባት ሃይድሮጂን ለማምረት የሚበቃ የኤሌክትሪክ መሥመር ካለ፥ ያው መሥመር ለባትሪ መሙያ ከበቂ በላይ ነው። መሥመሩ ከሌለም ሃይድሮጂኑ አይኖርም። በመሥመሩ ደካማነት ምክንያት ባትሪን የሚሸሽ ሰው ሃይድሮጂንን መጠጊያ ሊያደርገው አይችልም።

ስለ አደጋም ጥቂት መናገር ይገባል። ሃይድሮጂን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ በሚደርስ ሰፊ መጠን ተቀላቅሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። በሌላ ወገን ከቡታጋዝ በተለየ ወለል ላይ ሳይተኛ ወደ ላይ ፈጥኖ ይበተናል። በጥንቃቄ ለያዘው የሚያስፈራ አይደለም፤ ነገር ግን መፍሰሱን የሚጠቁም መሣሪያ፥ አየር የሚዘዋወርበት ጋራዥና የሠለጠነ ሠራተኛ የግድ ያስፈልጉታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በኖርዌይ ኦስሎ አጠገብ በአንድ የሃይድሮጂን ማደያ የደረሰው ፍንዳታ፥ በሠለጠነ አገርም ቢሆን አንድ ያልጠበቀ መጋጠሚያ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል።

ዳገቱና አየሩ

የመኪና አምራቾች መግለጫ ዘወትር የማያነሣው አንድ ጉዳይ አለ። የነዳጅ ሕዋስ እንደ ናፍጣ ሞተር ይተነፍሳል። በኮሶዬ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሕዋሱ የሚፈልገውን ኦክሲጂን እንዲያገኝ የአየር ኮምፕሬሰሩ ይበልጥ መድከም አለበት፤ የሚደክመውም ከራሱ ከሕዋሱ በሚወስደው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ መኪናው ከፍተኛ ኃይል በሚፈልግበት በዳገቱ ራስ ላይ ለጎማው የሚተርፈው ኃይል ይቀንሳል። ባትሪ ግን አይተነፍስም፤ በጎንደርም ሆነ በኮሶዬ የሚሰጠው ኃይል በአየሩ ስስነት አይጓደልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። የናፍጣ ሞተር ከሙቀቱ ብዙውን በጭስ መውጫው ያስወጣል። የነዳጅ ሕዋስ ግን 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚሠራ ሙቀቱን ሁሉ ማለት ይቻላል በራዲያተሩ በኩል ማስወገድ አለበት፤ በራሱና በውጭው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ በመሆኑም ሰፊ ራዲያተር ይፈልጋል። ከቆላው ሐሩር ተነሥቶ ሊማሊሞን በዝግታ የሚወጣ ከባድ መኪና በጉዞው ፍጥነት የሚያገኘው ነፋስ ጥቂት ነው፤ አየሩም ከፍ ባለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። ወደ ሕዋሱ የሚገባው ሃይድሮጂን 99.97 በመቶ ንጹሕ እንዲሆን የዓለም አቀፍ ደረጃ ያዝዛል። አየሩም ቢሆን ከአቧራና ከድኝ ጋዝ መጠበቅ አለበት፤ ድኝ የፕላቲኒየሙን ገጽ ይመርዘዋል። ከአሮጌ የናፍጣ መኪና ኋላ ተሰልፎ ኩርባ ለኩርባ የሚወጣ የነዳጅ ሕዋስ መኪና ማጣሪያው ምን ያህል ቶሎ መለወጥ እንደሚኖርበት የጋራዥ ሠራተኛ ሁሉ ሊገምት ይችላል።

ስለ ክብደትም እንዲሁ ሂሳብ ይሠራ። 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፥ የመንገዱና የነፋሱ ተቃውሞ ሳይታሰብ፥ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ 163 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ይህም በነዳጅ ሕዋስ 10 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጂን ማለት ነው። በመመለሻው ቁልቁለት ከዚህ ኃይል ብዙውን በሞተሩ ፍሬን መልሶ ማግኘት ይቻላል፤ ግን የተመለሰውን ኃይል የሚቀበለው ባትሪ እንጂ የሃይድሮጂን በርሜል አይደለም። በሃይድሮጂን መኪና ውስጥ ያለው ባትሪ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ፈጥኖ ይሞላል፤ ትርፉ በፍሬን ሙቀት ይባክናል። ዳገትና ቁልቁለት የሚበዛበት አገር ትልቅ ባትሪ ለያዘ መኪና ያደላል።

ከተራራማይቱ ስዊዘርላንድ የሚገኝ ትምህርት

ከዚህ ጋር ተቃራኒ የሚመስል ምሳሌ አለ። ስዊዘርላንድ እንደ ኢትዮጵያ ተራራማ፥ ኤሌክትሪኳም በብዛት ከውሃ የሚገኝ አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሂዩንዳይ ኤክሲየንት የጭነት መኪኖች በዚያ በሃይድሮጂን ይሠራሉ፤ ሃይድሮጂኑም በመጀመሪያ የተመረተው በጎስገን የወንዝ ኃይል ማመንጫ በተተከለ 2 ሜጋ ዋት መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ 48 የሚሆኑት መኪኖች በድምሩ ከ10 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል። እንግዲህ መሣሪያው ይሠራል፤ ስለዚህ የሚነሣ ክርክር የለም።

ሆኖም በዚያ አገር ሥራውን ያቋቋመው የመኪናው ብልጫ ብቻ አልነበረም። በናፍጣ የሚሠሩ ከባድ መኪኖች የሚከፍሉት የመንገድ ግብር እጅግ ከፍተኛ ሲሆን የሃይድሮጂን መኪኖች ከዚህ ግብር ነጻ ነበሩ። በአውሮፓ የኤሌክትሪክ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲንር የሃይድሮጂኑም ዋጋ አብሮ ወጣ። የቤት መኪናው ዕድል ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በካሊፎርኒያ የ1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ዋጋ በአንዳንድ ማደያዎች እስከ 36 ዶላር ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሼል በዚያ ግዛት የነበሩትን የቤት መኪና ማደያዎቹን ዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ስቴላንቲስ የሃይድሮጂን መኪና ዕቅዱን ተወ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በዓለም ላይ የነበሩት የነዳጅ ሕዋስ ተሽከርካሪዎች 100,000 አልሞሉም፤ በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሞሉት መኪኖች ግን 40 ሚሊዮን ያህል ደርሰው ነበር።

ሃይድሮጂን ወዴት ይሂድ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሃይድሮጂን ለኢትዮጵያ አይረባም ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ከኮሶዬ ጥቂት አለፍ ሲል የወገራ የገብስና የስንዴ ማሳ ይጀምራል። የዚያ ገበሬ በየዓመቱ የሚጠብቀው ዩሪያ በውስጡ ያለው ናይትሮጂን ከአየር የተገኘው በሃይድሮጂን አማካይነት ነው። ሃይድሮጂንና ናይትሮጂን ተዋሕደው አሞኒያ ይሆናሉ፤ ከአሞኒያውም ዩሪያ ይሠራል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመሥራት 10 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጂን ይበቃል።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ያው 10 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ለአንድ የቤት መኪና ሁለት ሙሊት እንኳ አይሞላም፤ ለወገራ ገበሬ ግን አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ይሆናል። ለመኪናው ምትክ አለው፤ ባትሪ አለ፥ አውቶቡስም አለ። ለእህሉ ግን ናይትሮጂኑን በዚያ መጠን የሚተካለት ሌላ ነገር በቀላሉ አይገኝም።

ሐሳቡ በአፍሪካ ምድር ተሞክሯል። በግብፅ አስዋን የሚገኘው ኪማ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በዓባይ ውሃ ኤሌክትሪክ ውሃን እየሰነጠቀ ማዳበሪያ ሲያመርት ኖሯል፤ በዚምባብዌ ክዌክዌ ከተማ ያለው የሴብል ፋብሪካም ለአሠርት ዓመታት እንዲሁ አድርጓል። ኪማ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ፤ ሴብልም እ.ኤ.አ. በ2015 የሃይድሮጂን ማምረቻውን ዘጋ፤ ኤሌክትሪኩ በርካሽ ዋጋ ሳይቋረጥ ሊቀርብለት አልቻለምና። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የሃይድሮጂን ፋብሪካ የሚኖረው ርካሽና የማያቋርጥ ኃይል እስካለ ድረስ ነው። በክረምት ትርፍ ብቻ ዓመቱን ሙሉ የቆመ ውድ መሣሪያ ዋጋውን መመለስ ይቸግረዋል። በኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካ ስምምነት የተመሠረተው በኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ላይ ነው። ከውሃ የሚገኘው ሃይድሮጂን ከዚህ ጋዝ ጋር በዋጋ መወዳደር ይኖርበታል፤ ውድድሩ ቀላል ነው የሚል ሰው ሂሳቡን አልሠራም።

ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው

ባትሪም ቢሆን ያለ እንከን አይደለም። ከአዲስ አበባ ውጭ መሙያ ጣቢያው ጥቂት ነው፤ መብራት ሲቋረጥ መኪናው ይቆማል፤ አሮጌ ባትሪ መለወጥም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን እነዚህ ችግሮች መሥመር በመዘርጋት፥ ትራንስፎርመር በማጠናከርና ባለሙያ በማሠልጠን የሚፈቱ ናቸው፤ ለዚህም የሚወጣው ገንዘብ ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለወፍጮ ቤቱ፥ ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱም ይተርፋል። ለሃይድሮጂን ማደያ የሚወጣው ግን ከማደያው አጥር አያልፍም።

ስለሆነም ለማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ። አንደኛ፥ የሃይድሮጂን የቤት መኪናን በሚመለከት ማንኛውም ሐሳብ ሲቀርብ የኃይሉ ሂሳብ ከጄኔሬተሩ እስከ ጎማው ድረስ ተሠርቶ እንዲታይ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፥ ለረጅም መንገድ ከባድ ጭነት በሩን ሳይዘጉ፥ ማንኛውም ሙከራ እንደ ኮሶዬና እንደ ሊማሊሞ ባለ ዳገት ላይ እንዲደረግ፥ የኮምፕሬሰሩ፥ የራዲያተሩና የማጣሪያው ውጤትም እንዲመዘገብ ማሳሰብ ነው። ሦስተኛ፥ ውሃን በኤሌክትሪክ የመሰንጠቅ ሙያ በዩኒቨርሲቲዎች እንዲጠና፥ ዓላማውም አስቀድሞ ማዳበሪያ እንዲሆን መሥራት ነው።

የኮሶዬ ዳገት ለማንም መሣሪያ አያዳላም። ወደ እርሱ የሚመጣ ሁሉ ተመዝኖ ያልፋል፤ ዛሬ በሚታወቀው መጠን የሃይድሮጂን የቤት መኪና በዚህ ሚዛን ቀልሎ ተገኝቷል። ሃይድሮጂኑ ራሱ ግን በዚያው መንገድ ሽቅብ ቢወጣ መልካም ነው፤ በመኪና በርሜል ሳይሆን በኩንታል ታሥሮ፥ ወደ ወገራ ማሳ።